«380 ኤች» ብላ ጻፈች

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ25 ዓመት ወጣት ነኝ። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ በሙያዬ ሥራ ስላላገኘሁ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እያስጠናሁ ነው የምኖረው። ከጥቅምት ጀምሮ አንዲት የ12ኛ ክፍል የናቹራል ተማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ማትስና ፊዚክስ አስጠናለሁ። አባቷ ሐኪም እንድትሆንላቸው ይፈልጋሉ፤ የእሷም ሐሳብ እሱ ነው። ልጅቷ ጨዋና ትጉ ናት። ሳስረዳት ትሰማለች፤ ‹ገባሽ?› ስላት ‹አዎ ቲቸር› ትላለች። ባለፈው ሳምንት ግን ወደ ላይ ስለተወረወረ ድንጋይ አንድ ጥያቄ ሰጥቻት ዝም ብዬ አየኋት። ፎርሙላውን በትክክል ጻፈች፤ ቁጥሮቹን አስገባች፤ 400 ሲቀነስ 20 ኤች የሚለው ላይ ስትደርስ ‹380 ኤች› ብላ ጻፈች። ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ስፈትሻት ክፍልፋይ መደመርም ያስቸግራታል። ትምህርት ቤቷ በሰጠው ፈተና ፊዚክስ 34 ነው ያመጣችው። አባቷ ‹ያለፉትን ዓመታት የኢንትራንስ ጥያቄ ብቻ አሠራት፤ ሾርትከት አሳያት› ይሉኛል። እውነቱን ብነግራቸው ‹ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስታስጠና ነበር?› ብለው እንዳያሰናብቱኝ እፈራለሁ፤ የቤት ኪራዬን የምከፍለው ከዚህ ገንዘብ ነው። ዝም ብል ደግሞ ሰኔ ሲመጣ ምን ልል ነው? ምን ይሻለኛል?»

ግራ የገባኝ፣ ከሳሪስ

ልጄ፣ ንገራቸው። ግን ከአባቷ በፊት የምታናግረው ሌላ ሰው አለ፤ እመለስበታለሁ። አስቀድመን ያን ወረቀት እንየው። ምክንያቱም አንተ በደነገጥክበት ቦታ ላይ እኔ ተስፋ ነው ያየሁት።

ጥያቄው ይህ ይመስለኛል፦ ድንጋይ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ፤ ግራቪቲ 10 ተብሎ ይያዝ፤ ምን ያህል ከፍታ ይደርሳል? እዚህ ላይ ዋናው ነገር ድንጋዩ ጫፍ ሲደርስ ለቅጽበት ቆም እንደሚል፣ የመጨረሻ ፍጥነቱም ዜሮ እንደሆነ ማወቅ ነው። ጥያቄው ውስጥ ዜሮ የሚል ነገር የለም። ከራሷ አምጥታ ያስገባችው እሷ ናት። የመነሻ ፍጥነቱን በራሱ አባዝታ 400 አገኘች፤ 2ን በ10 አባዝታ 20 አገኘች፤ «ዜሮ እኩል ይሆናል 400 ሲቀነስ 20 ኤች» ብላ አሰፈረች፤ ኤች የሚፈለገው ከፍታ ነው። ፊዚክሱ እዚህ ላይ አለቀ። ሠርታዋለች። የቀረው የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ የወደቀችውም እሱ ላይ ነው። ፊዚክስ የማይገባት ልጅና ፊዚክስ ገብቷት ሒሳቡ የሚከዳት ልጅ ሁለቱም 34 ሊያመጡ ይችላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ለየቅል ነው። አንተ በእጅህ ያለችው ሁለተኛዋ ሳትሆን አትቀርም።

ስህተቷን አንተ አታርምላት፤ ራሷ እንድታየው አድርግ። «380 ኤች ዜሮ ከሆነ፣ ኤች ስንት ነው?» በላት። ዜሮ ትልሃለች። «እንግዲህ ድንጋዩ ከእጅሽ አልወጣም ማለት ነው?» ብለህ ጠይቃትና ዝም በል። ያ ዝምታ ይከብዳል፤ ቢሆንም አትስበረው። ከዚያ ደብተሩን ዘግታችሁ ዳቦ ቤት ውሰዳት፦ 400 ብር ይዛለች፣ አንዱ ዳቦ 20 ብር ነው፣ ሳንቲም ሳይተርፋት ስንት ዳቦ ገዛች? ወረቀት ሳትነካ 20 ትልሃለች። ያን ጊዜ ወደ እኩልታው መልሳት። ቅድም ያደረገችው ገና ስንት ዳቦ እንደምትገዛ ሳታውቅ ከ400ው ላይ 20 ብር ቀንሳ፣ የቀረውን 380 ብር በዳቦው ቁጥር ማባዛት ነበር። 20ው የአንድ ዳቦ ዋጋ ነው፤ ዳቦው እስኪቆጠር ድረስ ከ400ው ላይ አይቀነስም። ድንጋዩም 20 ሜትር ይወጣል። ይህን አንዴ ካየች በኋላ ቁጥሩን እየቀያየርክ አሥር ስጣት፤ በነገታው ደግሞ ሳትነግራት ሁለት ጨምር።

ክፍተቱ ከየት መጣ ብለህ ልጅቷን ሰነፍ እንዳትላት፣ ወላጆቿም እንዳይሏት አንድ ነገር ላስታውስህ። ክፍል ካልደገመች በቀር ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ 12ኛ ክፍል ያለ ልጅ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 6ኛ ክፍል ነበር። ዓመቱ ሳይጠናቀቅ ወደ 7ኛ ክፍል ተዛወሩ፤ 7ኛንም ዘግይተው፣ በፈረቃ ነው የተማሩት። ክፍልፋይ የሚጠናከረው፣ ከፊደል ጋር ማስላት የሚጀመረው ደግሞ ልክ በዚያ ዕድሜ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አዲስ ምዕራፍ ተደረበበት፤ ከሥር ያለውን ክፍት ቦታ ቆም ብሎ የጠየቃት አልነበረም። የ50 እና የ60 ልጆች ክፍል ውስጥ አስተምሬ ስለማውቅ መምህራኖቿንም አልወቅስም። ለአንድ ልጅ አንድ አስጠኚ የሚቀጠርበት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ክፍል ውስጥ የማይቻለውን እንድታደርግ ነው የተጠራኸው።

አሁን ስለ አንተ ላንሳ፤ አትቀየመኝ። «ገባሽ?» ስትላት «አዎ ቲቸር» እያለችህ ሦስት ወር ሄዷል። እኔ 31 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ገና ፈተናው ማትሪክ በሚባልበት ጊዜ፣ አንድ ልጅ በቤቱ አስጠና ነበር። ከጎኑ ተቀምጬ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ እያስረዳሁ እሠራለሁ፤ እሱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ያያል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ሁሉ ነገር የገባው ይመስለኝ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ፊዚክስ ኤፍ ሆነ። እናቱ ደብተሩን በነጠላቸው ይዘው ቤቴ ድረስ መጡና «ይኸው፣ ሁሉንም ሠርቶት የለም እንዴ? ምን ጎደለ?» አሉኝ። ተቀብዬ ገለጥኩት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ለእናትየው የምመልሰው ቃል አጣሁ። ያ ደብተር እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም።

ስለዚህ ከእንግዲህ እስክሪብቶው በእሷ እጅ ይሁን። አንተ የምትጽፍበት የራስህ ቁራጭ ወረቀት ይኑርህ፤ ደብተሯን ግን አትንካ። «ገባሽ?» የሚለውን ቃል ከአፍህ አውጣው። ልጆቻችን ትልቅ ሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት ድፍረት፣ አንዳንዴም ነውር ይመስላቸዋል፤ አስጠኚውን ማሳዘንም አይፈልጉም። በምትኩ «እስቲ እኔ ተማሪ ልሁን፣ አስረጂኝ» በላት። ስታስረዳህ የት ላይ ድምጿ እንደሚወርድ አዳምጥ፤ ክፍተቱ እዚያ ነው። ባለፈው ሳምንት ዝም ብለህ ያየሃት ቀን፣ ከጥቅምት ጀምሮ ካስጠናሃቸው ቀናት ሁሉ የሚበልጠው ነው።

«ታዲያ 12ኛ ክፍል ላይ ቆሜ የ6ኛ ክፍል ክፍልፋይ ላስተምር?» ትል ይሆናል። ለብቻው አውጥተህ ብታስተምራት ትዋረዳለች፤ ጊዜውም የላችሁም። ፊዚክሱ ውስጥ አስገብተህ አስተምራት። ለምሳሌ 3 ኦም እና 6 ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች (ኤሌክትሪክን የሚያግዱ) በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን ተያይዘዋል፤ ድምራቸው ስንት ነው? በፓራለል ሲሆን የሚደመሩት ግልባጮቻቸው ናቸው፤ የተገኘው ድምር ደግሞ መልሶ ይገለበጣል። እንዳልከኝ ከሆነ አንድ ሦስተኛ እና አንድ ስድስተኛን ስትደምር ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምራ ሁለት ዘጠነኛ ትላለች፤ ገልብጣም 4.5 ኦም ብላ ታሰምርበታለች። ስህተት ነው አትበላት። «ለኤሌክትሪኩ አንድ መንገድ ብቻ ሲኖረው ይቀለዋል ወይስ ሁለት መንገድ ሲኖረው?» በላት። ሁለት ሲኖረው እንደሚቀለው ታውቃለች፤ ከመገናኛ ወደ ቦሌ በታክሲ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ በፓራለል ሲያያዙ ድምሩ ከትንሹ ሬዚስተር፣ ከ3 ኦም ማነስ አለበት። የእሷ መልስ 4.5 ነው። የት ጋ እንደተበላሸ ራሷ ወደኋላ ሄዳ ትፈልግ። አንድ ሦስተኛ ማለት ሁለት ስድስተኛ መሆኑን ስታገኝ ድምሩ ሦስት ስድስተኛ፣ ማለትም ግማሽ ይሆናል፤ መልሱ 2 ኦም ነው። በዚህች አንድ ጥያቄ ክፍልፋይም፣ ሰርኪዩትም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መልስን በሌላ መንገድ መፈተሽን ተምራለች። ፈተናው ውስጥ ካልኩሌተር አይገባም፤ ስለዚህ ይህቺ የመፈተሽ ልማድ ከማንኛውም ሾርትከት የበለጠ ታድናታለች።

በነገራችን ላይ ጥያቄውን በአማርኛ እንድትነግርህም አድርግ። እንግሊዝኛውን እያነበበች እንደሆነ አትጠራጠር፤ ግን «ስሙዝ ሰርፌስ» ሲል ለስላሳ ወለል ብላ ታልፈው ይሆናል እንጂ «ፍሪክሽን የለም፣ አታስገቢው» እየተባለች መሆኑን ላታስተውል ትችላለች። «ላይት ስትሪንግ» ማለትም የገመዱን ክብደት እርሺው ማለት ነው። «ፍሮም ሬስት» የሚል ካየች የመነሻ ፍጥነቱን ዜሮ በነጻ ተሰጥታለች። እንዲህ ያሉትን ቃላት ከደብተሯ ጀርባ በራሷ አማርኛ ትሰብስብ።

አባቷ ስለሚሉት የኢንትራንስ ጥያቄ ደግሞ፣ ጭንቀታቸውን ቀለል አድርገህ አትየው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን የሰማ አባት ልጁ ያለፈውን ጥያቄ ሁሉ እንድትሸመድድ ቢፈልግ ምን ይገርማል? ግን የሸመደደችው ጥያቄ ቁጥሩ ተቀይሮ፣ ወይም የሚታወቀውና የማይታወቀው ቦታ ተለዋውጦ ሲመጣ 400 ሲቀነስ 20 ኤች ላይ ያው ትወድቃለች። ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ጥሩ ናቸው፤ እኔ የምመክረው ከፋሲካ በኋላ ነው። ያኔ ሰዓት ይዘህ፣ ስልኳን ከክፍሉ አስወጥተህ፣ እንደ እውነተኛ ፈተና አስቀምጣት። አሁን ካወጣሃቸው ግን መለኪያህን ራሱን ታበላሸዋለህ፤ በኋላ 80 ብታመጣ አስታውሳ ይሁን አውቃ አትለይም።

ጊዜ አላችሁ ወይ? ከአሁን እስከ ሰኔ 20 ሳምንት ገደማ አለ። በሳምንት 6 ሰዓት፣ 120 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስድስት ሳምንት፣ 36 ሰዓት፣ እኩልታ፣ ክፍልፋይ፣ ፓወርና ትሪጎኖሜትሪ ላይ አውለው፤ ሁሉንም በፊዚክስ ጥያቄ ውስጥ አድርገህ። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 እንደጻፈው፣ ለብቻው አስጠኚ የነበረው መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከተማሩት 98 በመቶውን በልጦ ተገኝቷል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት ለውጥ ከዚያ ያነሰ ነው፤ አስጠኚ ሁሉ ተአምር ይሠራል አልልህም። እኔ ከዚያ የያዝኩት ግን ሌላ ነገር ነው፦ እነዚያ ተማሪዎች በየጊዜው እየተፈተኑ፣ የሳቱት እየታረመላቸው ነበር የሚቀጥሉት። አንተ በሦስት ወር ውስጥ ከሲለበሱ ጋር እኩል ለመሮጥ ስትል የዘለልከው ይህን ነው።

አሁን ወደ መናገሩ። መጀመሪያ ልጅቷን አናግራት። ይህ የእሷ ጉዳይ ነው፤ አባቷ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማው ከአንተ ጋር ያላት ነገር ሁሉ ይበጠሳል፤ ዳግመኛ «አልገባኝም» አትልህም። «የድንጋዩን ጥያቄ ፊዚክሱን በትክክል ነው የሠራሽው። የሚያስቸግርሽ ከታች ክፍል የቀረ ሒሳብ ነው፤ ልንዘጋው እንችላለን። ለጋሼና ለእማማ ዕቅዱን ልነግራቸው ነው፤ አንቺም አብረሽ ብትሆኚ ደስ ይለኛል» በላት። ምናልባት ታለቅስ ይሆናል። እንደኔ ግምት ይህን ለዓመታት ስትደብቅ ኖራለች፤ የሚደበቅ ነገር ሲገለጥ እንባ ይመጣል። ውሃ አምጥተህ ጠብቃት።

ከዚያ አባትና እናት አንድ ላይ ባሉበት፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቡና በኋላ ተናገር። እናትየው እንዳይቀሩ፤ ሌሊት መብራቷ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በስልክ አትንገር፤ በጽሑፍ መልእክትም አትላክ። ሦስት ወረቀት ይዘህ ግባ፦ የድንጋዩን፣ የሬዚስተሩን፣ እና በሚቀጥለው ሳምንት ተስተካክላ የሠራችውን አንድ ወረቀት። ሦስተኛው ባይኖር እስኪኖር አንድ ሳምንት ጠብቅ። ወላጅ ችግር ብቻ ሲሰማ ይቆጣል፤ ችግሩና መላው አብረው ሲመጡለት ጥያቄ ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ልጅዎ ፊዚክስ ይገባታል፤ ይኸው ማስረጃው። ያደከማት ከታች ክፍል የቀረ ሒሳብ ነው። እኔም ይህን ቀድሜ መፈተሽ ነበረብኝ፤ አልፈተሽኩም፤ ይቅርታ። ስድስት ሳምንት ይስጡኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ በራሷ እጅ የሠራችውን አሳይዎታለሁ» በላቸው። የይቅርታዋን ዓረፍተ ነገር አታስቀራት። «እስከ ዛሬ ምን ስታስጠና ነበር?» የሚለው የምትፈራው ጥያቄ ሳይጠየቅ መልስ ያገኘው በእሷ ነው።

ስለ ሕክምና ትምህርቱ ግን አንተ ፍርድ አትስጥ። ትገባለች ብለህ ቃል አትግባ፤ አትገባም ብለህም አትቁረጥባት። ከጠየቁህ 50 በመቶ መጀመሪያ መሻገር ያለበት እንደሆነ፣ እሱን ያላመጡ ተማሪዎች የሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መግቢያ ነጥቡን ካሟሉ በዚያ በኩል የሚገቡበት ዕድል እንዳለ ንገራቸው፤ ሌላው የእነሱ የቤተሰብ ወሬ ነው።

ቢያሰናብቱህስ? ሊሆን ይችላል፤ አላታልልህም። ለዚያ ከአሁኑ ሌላ አንድ ቤት መፈለግ ጀምር፤ ኪራይ የሚጠብቅ ሰው በአንድ ቤት ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ራሱ እውነት እንዳይናገር ያደርገዋል። ደመወዝህንም በወሩ መጨረሻ ሳይሆን በየሁለት ሳምንቱ እንዲሆን ጠይቅ፤ ከምታሳያቸው ወረቀት ጋር አብሮ ይሄዳል። አንድ ነገር ደግሞ ሳልጨምር አላልፍም፤ ወጣት ወንድ ነህ፣ ተማሪህ ሴት ልጅ ናት። የምታስጠናት ሳሎን ውስጥ ወይም በሩ በተከፈተ ክፍል፣ እናቷ ወይም ሌላ የቤት ሰው ባለበት ይሁን። ይህን ሳይጠይቁህ አንተ ራስህ ቀድመህ ጠይቅ፤ ለእሷም ለአንተም ክብር ነው።

የፊታችን ማክሰኞ ወይም መቼም ተራችሁ ሲሆን፣ እስክሪብቶህን ኪስህ ውስጥ አስቀርተህ ግባ። የመጀመሪያዋ ጥያቄ 380 ኤች ትሁን። ከዚያ በመጋቢት መጨረሻ ሳትነግራት ያንኑ የድንጋይ ጥያቄ የመነሻ ፍጥነቱን 30 አድርገህ ስጣት፤ 45 ሜትር ልታገኝ ይገባል። የሠራችበትን ወረቀት፣ ስሟን ሸፍነህ፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ብትስትም ላከው፤ የት ላይ እንደሳተች አብረን እናያለን።